አራተኛው ሳይክል

ቅባት የጠጣ የሳይክል ሰንሰለት ሽታ ለሌላው ሰው ምኑም አይደለም፤ እኔን ግን ከቆምኩበት ያስቀረኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊልበርን ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ስምንት ሳይክል ተደርድሮ፣ ልጄ ሜሮንና ጓደኞቿ መሬት ላይ ተቀምጠው በአሮጌ ካናቴራ ሰንሰለት ሲወለውሉ፣ ውኃ ይዤላቸው በሩን ብከፍት ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝና እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ካናቴራው የእኔ መሆኑን ያየሁት በኋላ ነው።

«ዳዲ፣ ካም ኢን፣ ምን ትቆማለህ?» አለች ሜሮን። «ፕላኑን ፋይናላይዝ እያደረግን ነው። አንተ ታስፈልገናለህ።»

ፕላኑ የሌሊት የሳይክል ጉዞ ነው፤ ወደ ባሕር። ከአትላንታ እስከ ባሕሩ ዳርቻ በመኪና አራት ሰዓት ስለሚፈጅ በፔዳል በአንድ ሌሊት አይደረስም፤ ስለዚህ ሳይክሎቹን በቫን ጭነው ከግማሽ መንገድ በላይ ይሄዱና፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ፀሐይ ስትጠልቅ ተነሥተው፣ ሰባ ማይል ሲነዱ አድረው፣ ጀምበር ከውኃው ስትወጣ ይደርሳሉ። ሜሮን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ፋርማሲስት ናት፤ ክኒን በምትቆጥርበት ዓይን ሁሉን ነገር ትቆጥራለች። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ፣ ማን ስንት ጠርሙስ ውኃ፣ የማን መብራት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ስልኳ ላይ አለ። ናቲ የሚባለው ኢንጂነር ጓደኛዋ ላፕቶፑን የመኪናዬ ኮፈን ላይ ዘርግቶ ካርታ ያያል። እንዳይጭርብኝ ልነግረው አስቤ ተውኩት። ከመሀላቸው፣ የበረዶ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ የጆርጂያን ቅቅል ኦቾሎኒ ከነጨው ውኃው የሚመጠው ታደለ ነው። ታደለ ዶራቪል ውስጥ ጎማ ቤት ነበረው፤ አሁን ለልጁ ለቆ ጡረታ ወጥቷል። ሠርጌ ላይ ሚዜዬ እሱ ነበር፤ ሜሮን ስትወለድ ሆስፒታል ከእኔ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። እናቴ ከእኔ በኋላ አልወለደችም። ወንድም ብዬ የማውቀው ታደለን ነው።

«አይ፣ እኛ ስንሄድ መብራት የለ፣ ጂፒኤስ የለ» ይላቸዋል። «የዚችን ልጅ አባት ነበር የያዝነው። እሱ ባይኖር እኔ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ኦቾሎኒ አልበላም ነበር።»

ወጣቶቹ በአክብሮት ዞረው አዩኝ። ይህን ጨዋታ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ከማጅራቴ ቀዝቃዛ ነገር ይወርዳል። ለምን እንደሆነ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ፣ አሜሪካ እንደገባን ሰሞን፣ የከተማው ባቡር ገና ዶራቪል አልደረሰም። ቢዩፎርድ ሀይዌይ፣ ዛሬ የኮሪያው ግሮሰሪ ከሜክሲኮው ዳቦ ቤት፣ የሜክሲኮው ከቬትናሙ ሾርባ ቤት ተደራርቦ መኪና ማቆሚያ የሚጠፋበት ጎዳና፣ ሲመሽ የልብስ ማጠቢያ ቤቱና የዶናት ቤቱ መብራት ብቻ የሚታይበት ጭር ያለ መንገድ ነበር። የእግረኛ መንገድ ስላልነበረው የምንሄደው በሣሩ ላይ ነው፤ የእኛ እግር ብቻ የከፈተው መንገድ ቀይ አፈሩ እየታየ ከአፓርትመንቶቹ እስከ ልብስ ማጠቢያው ይዘልቅ ነበር። ዶናቱ ሊዘጋ ሲል ግማሽ ደርዘኑን በአንድ ዶላር ይሰጡናል። በአምስት ዶላር ቤንዚን ሳምንቱ ያልቃል። ልብሳችን ከእርዳታ ካርቶን የወጣ ነው፤ አብዛኛው የጋራዥና የፋብሪካ ሸሚዝ ስለነበረ ደረቱ ላይ የቀድሞ ባለቤቱ ስም ተጠልፎበታል። እኔ «ላሪ» ነበርኩ፤ ታደለ «ዱዌን»። ሌላው ጓደኛችን ዮሐንስ ሁለት ሸሚዝ ስለደረሰው አንድ ቀን «ቢል»፣ አንድ ቀን «ቻክ» እየሆነ ይመጣል፤ አለቃችን ማን ማን እንደሆነ ሳይለይ ሥራውን ለቀቀ። ካሴታችን ከግልባጭ የተገለበጠ ግልባጭ ስለነበረ ዘፋኟ ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ትመስላለች። ቢሆንም አልቅሰንባታል። አሁን ያ ሁሉ ዘፈን በስልኬ ጥርት ብሎ ይመጣልኛል፤ እንደዚያ ግን አያስለቅሰኝም።

አራት ነበርን። ሙሉጌታ ከሁላችን ታላቅ ነው፤ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዳ ኖሮ የመጣ፣ ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚያጨስ ሰው። ዮሐንስ ቀልደኛው ነው። ታደለ የሁላችን ትንሽ ነበር። እኔ ደግሞ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ የሁሉንም ደብዳቤና ቅጽ የምሞላ። ሦስቱ አንድ አፓርትመንት ይኖራሉ፤ እኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንዲት አሮጊት ቤት የኋላ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሥራችን ኮንየርስ ያለ መጋዘን ስለነበረ አራታችንም በሙሉጌታ ቡናማ መኪና እንሄዳለን፤ የጣሪያው ጨርቅ ረግቦ ፀጉራችን ላይ ያርፋል። ሳይክሎቹን ለገበያ መሄጃ ብለን፣ ሰዎች ግቢያቸው ላይ ዕቃ ሲሸጡ አንድ በአንድ የገዛናቸው ናቸው። የእኔዋ ሰማያዊ ነበረች፣ አሥራ አምስት ዶላር፣ ደወሏ ከነመዝጉ።

ባሕሩን ያመጣው ሙሉጌታ ነው። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ባሕር አለማየቱ እንደ ረሃብ ይሰማው ነበር። «ባሕር በቀን አይኬድም» ይለን ነበር። «አሰብ በጠራራ ፀሐይ መንገድ የጀመረ ሰው አላየሁም። ሌሊት ነው የሚደረስበት። መጀመሪያ በአፍንጫህ ታገኘዋለህ፣ ከዚያ በጆሮህ፣ ዓይንህ መጨረሻ ነው።» በዚች ንግግር ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀን። ዮሐንስ ጎማ ይለጥፋል፣ ታደለ በሶና ዳቦ ቆሎ ያዘጋጃል፣ ሙሉጌታ አራት ሳይክል በገመድ መኪናው ላይ እንዴት እንደሚታሰር ያሰላል። እኔ ከነዳጅ ማደያ በገዛሁት ካርታ ላይ መንገዱን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ። ከዚያም አንድ ነገር ጨመሩልኝ። የምንሄደው ቅዳሜ ማታ ስለሆነ እሁድ ቅዳሴ እንቀራለን፤ ስለዚህ ሙሉጌታ፣ «ቀድመህ ስማችንን ለአባ ስጥልን፣ ለመንገደኛ ይጸልዩልን» አለኝ።

ስም ማለት የክርስትና ስም ነው። በክርስትና ስም ሰው አይጠራራም፤ አብሮህ አንድ ድስት የሚበላው ጓደኛህ እንኳ አያውቀውም፤ እናትህ፣ የንስሐ አባትህና አንተ ናችሁ የምታውቁት። እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠይቄ ጻፍኩ። ሙሉጌታ ገብረ ማርያም፣ ዮሐንስ ወልደ ሚካኤል፣ ታደለ ፍቅረ ሥላሴ፣ በመጨረሻ የራሴን፣ ኃይለ ጊዮርጊስ። ወረቀቱ ከመጋዘኑ ያመጣሁት ቢጫ ወረቀት ነበር። የእኔን ስም ለሦስቱም አላሳየሁም።

ያን ጊዜ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን በአንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር የሚቀደሰው። አባ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ከፊታቸው ባለች ጠረጴዛ ላይ የስም ወረቀት የሚቀመጥበት ደንብ አለ፤ ከመጽሐፉ በስተግራ የሕመምተኛና የመንገደኛ፣ በስተቀኝ የሙታን። ከጉዞው በፊት በነበረው እሁድ ዘግይቼ ደረስኩ። ሦስቱ ጓደኞቼ ቅዳሴውን ትተው ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ጎማ እየነፉ ነበር። እኔ ተጣድፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ወረቀቴን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። የአንድ ሰው አርባ ስለነበረ ቤተ ዘመዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፊት ቆመዋል። አባ የሟቹን ስም አነበቡ፤ ቀጥለውም ቢጫውን ወረቀት አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ገብረ ማርያም፣ ወልደ ሚካኤል፣ ፍቅረ ሥላሴ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ» አሉ ቀስ ብለው። «ነፍሳቸውን ይማርልን።» ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አብሬ አሜን ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት።

ለአባ ሄጄ መንገር ነበረብኝ፤ በቀኝ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ብዬ። ለቀስተኞቹ ከበዋቸው ስለነበር አፈርኩ፤ ወጣሁ። ጓደኞቼ ፀሐይ ላይ ሆነው ይስቃሉ፤ ዮሐንስ የመንፊያውን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አድርጎ ነፋብኝ። ብነግራቸው ዮሐንስ እስከ ገና ይቀልድብኛል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ እሱ አልነበረም። እውነቱ፣ ስሞቹን አፌ ላይ ማምጣት ፈራሁ። ሳምንቱን ሁሉ «ዝናብ ይመጣል ይላሉ፣ እንተወው» እያልኩ ጎተትኳቸው፤ አልሰሙኝም። ያኔ ክፉውን ነገር አደረግሁ። እነሱ እንዲሄዱ ትቼ እኔ ለመቅረት ወሰንኩ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መጋረጃውን ጎትቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ከነጫማዬ አልጋው ውስጥ ገባሁ። ሳይክሌ ከውጭ የኋላ በረንዳው ላይ ተደግፋለች። የሙሉጌታ መኪና መጣች፤ ጭስ ማውጫዋ ስለተቀደደ ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ክላክስ አደረገ። ደገመ። አንሶላውን ጭንቅላቴ ላይ ሳብኩ። ዮሐንስ ስሜን ጠራ። ሊመጡና በሩን ሊደበድቡ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። የሰማሁት ሌላ ነው። በረንዳው ላይ እርምጃ፣ የሳይክሌ ደወል አንዴ ቅጭል ስትል፣ ገመድ ሲጠብቅ፣ ታደለ «አረፈድክ እኮ» ሲል። ቀጥሎ የመኪናው የኋላ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ሄዱ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። እሁድ እንደ ሞተ ሰው ተጋድሜ ዋልኩ። ሊመሽ ሲል ያ ጭስ ማውጫ መጣ፤ በሬ ተንኳኳ፤ የምለምነውን ይቅርታ እያዘጋጀሁ ከፈትኩ። ታደለ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አንድ ቃል ሳልናገር አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ዮሐንስ ሰማያዊ ሳይክሌን ከመኪናው አውርዶ ወደ በረንዳው ይገፋታል፤ ጎማዋ አሸዋ በአሸዋ ሆኗል።

«ቅድም መንገዱ ጥግ ላይ ወርደህ ሳይክልህን ረሳህ፤ እንቅልፍ ወሰደህ አይደል? አረፍ በል» አለኝ ሙሉጌታ። «ያደረግከውን አንረሳውም።»

የሆነውን ከእነሱ አፍ በጥቂት በጥቂቱ ለቀምኩት። ከባሕሩ አሥር ማይል ሲቀር፣ ረግረግ ላይ ካለ ድልድይ አጠገብ፣ ታደለ በሙቀቱ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሁለቱ ስልክ ፍለጋ ወደፊት ሲሄዱ እኔ ከእሱ ጋር ቀረሁ፤ እነሱ እንደሚሉት ማለቴ ነው። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ውኃዬን በሙሉ አጠጣሁት፣ ትንኝ እየከላከልኩ እስኪነጋ አወራሁት። መንገዱን ሁሉ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ፤ ዮሐንስ ቀልዶ መልስ አጥቷል። በሶው ሲበጠበጥ እጄን አልዘረጋሁም፤ ውኃም የቀመስኩ አይመስላቸውም። እኔ ደርቄ ስቆም ታደለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ምንም አይደል» አልኩት። በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የኖርኩት።

ሙሉጌታ ሲያትል ሄዶ እዚያው አረፈ። ዮሐንስ ባለፈው ዓመት ተከተለው። ሁለቱም በሰላም፣ በአልጋቸው ላይ፣ በዕድሜያቸው ነው፤ ስለዚህ ያ ወረቀት ሰው ገደለ አልልም። ብቻ ሌሊት አንዳንዴ፣ የሳይክል ደወል ባልሰማም፣ ልሰማ ነው ብዬ የምነቃበት ጊዜ አለ። ታደለ ግን በየሠርጉ፣ በየልደቱ፣ በየበዓሉ ያንን ታሪክ ያወራዋል፤ ሜሮን አባቷን ያወቀችው በእሱ ነው። ትምህርት ቤት «ጀግናዬ» የሚል ድርሰት ጻፊ ሲሏት ድልድዩንና ውኃውን ጻፈች። ኤ አምጥታ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ እኔ ወተት ባወጣሁ ቁጥር ወደ መሬት እያየሁ እከፍተው ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ሜሮን ለምን እንደፈለገችኝ ተናገረች። «ዳዲ፣ አንተ ቫኑን ድራይቭ ታደርጋለህ፣ ጋሼ ታዴ አብሮህ ይቀመጣል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ስቶፕ እናደርግና አንተ እዚያው ቦታው ላይ ስቶሪውን ትነግረናለህ። ከአንተ አፍ ሰምቼው አላውቅም እኮ፣ ላይክ፣ ኔቨር።»

ናቲ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። «ጋሼ፣ ሦስት ድልድይ ነው ያለው። የቱ እንደሆነ አሳየኝ፣ ፒን ላድርገው።»

ሦስት ቀጭን መስመር በሰማያዊው ላይ ተጋድሟል። ጣቴን ዘረጋሁ። እዚያ መሬት ላይ እግሬ አርፎ አያውቅም። አንዱን ብነካ ልጄ እዚያ ትቆማለች፣ ምናልባት ታለቅሳለች፣ አንድ ቀንም ልጆቿን ይዛ ትመለሳለች። ጣቴን ሰበሰብኩት።

«ታደለ፣ እስቲ አንዴ ውጣ» አልኩ።

ግቢው መንገድ ላይ፣ ቆሻሻ መጣያዎቹ አጠገብ ቆምን። ጎረቤታችን ሣር ያጭድ ነበር፤ ማጨጃው እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ወረቀቱን፣ ስሞቹን፣ አንሶላውን፣ የበሩን ድምፅ። «እኔ አልነበርኩም» አልኩት። «እናንተን ለሞት ትቼ ተኝቼ ነበር። ማን እንደሄደ አላውቅም።»

ታደለ ጨው የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«አንተ እንዳልነበርክ። ያን ዕለት እሁድ ማታ በሩን ስትከፍትልኝ ነው ያወቅሁት። እሱ ሌሊት በነገረኝ ስም ስጠራህ ፊትህን አየሁ። ፈርተህ ነበር። እሱ ሌሊቱን ሙሉ አልፈራም።»

መጣያው ላይ ተደገፍኩ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ስታወራ?»

«ባወራሁት ቁጥር ፊትህን አይ ነበር። ዛሬ ይናገር ይሆናል እያልኩ። ሙሉጌታም ዮሐንስም ሳይሰሙት ሄዱ።»

«ካወቅህ ለምን ወንድም ሆንከኝ?»

«የመጣው አንተን መስሎ ነው» አለ። «ሌላ ሰው መስሎ አልመጣም። በዓለም ላይ ካለው ፊት ሁሉ ያንተን መረጠ። እኔ ይሄን አይቼ ምን ላድርግህ?» ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለልጅቷ ግን አንተ ነህ የምትነግራት» አለኝ።

ወደ ጋራዡ ተመለስን። ወጣቶቹ መወልወሉን አቁመው ነበር፤ ሽማግሌ ውጭ ወጥቶ ሲንሾካሾክ ሰው ሞቷል ማለት እንደሆነ ለምደዋል። ሜሮን ፊት ቆሜ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ያ ሌሊት የተወራው ሁሉ እውነት ነው፤ ያደረግሁት ግን እኔ አይደለሁም፤ እኔ ፈርቼ ቤቴ ቀርቻለሁ። ታደለ ከጎኔ ሆኖ አንገቱን ነቀነቀ። ልጄ እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ የያዘችውን ጨርቅ በቀስታ አጣጠፈችው። ዓይኗ ውስጥ ጀግና አባቷ ሲወድቅ አየሁ፤ እሷ ግን እኔን ማየቷን አልተወችም። ይህን ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት፤ ሲመጣ ግን ቆሜ ተቀበልኩት።

«ሶ… ማን ነበር?» አለች።

«አላውቅም የኔ ልጅ።»

ናቲ ወይ ስለጨነቀው ወይ ነገሩ ስላልገባው ጉሮሮውን ጠረገ። «ኦኬ። ስለዚህ ቫኑን ማን ነው ድራይቭ የሚያደርገው?»

«ቫኑን ታደለ ይንዳ» አልኩ። «ድልድዩን እሱ ያሳያችኋል። ከድልድዩ በኋላ ያለውን አሥር ማይል እኔ በሳይክል እሄዳለሁ።»

ሜሮን ጉልበትህስ፣ ደም ግፊትህስ አላለችኝም። ስልኳን አነሣችና የተራውን ዝርዝር ከፈተች። ጣቷ ከመጨረሻው ስም ሥር ቆመ። «ቀስ ስለምትል ከኋላ ላድርግህ» አለች። «ላስት?»

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ይጠብቁኛል። ታደለ ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ ያያል።

«አይ» አልኳት። «ከመጨረሻው አንድ ፊት አድርጊኝ። መጨረሻውን ለእሱ ተዪለት።»